የዳኑታ መርዶ

ወንድይራድ ስልኩን ባያነሣው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን አነሣው። ዐሥራ አራት ዓመት ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው፤ የጠራው ሁሉ ቲፕ ሊሰጠው የጠራው ይመስለዋል።

"ሚስተር ወንዲ?" አለ አንድ ቀጭን ድምፅ በእንግሊዝኛ። "ማቴውሽ እባላለሁ። የምደውለው ከዋርሶ ነው፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያው። ዳኑታን በኢሜል ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት።"

"ሥራ ላይ ስትሆን ኢሜል አትከፍትም" አለ ወንድይራድ።

ይኼ እውነት ነው። ዳኑታ ፊልም በምታነሣበት ወራት ደብዳቤ አትከፍትም፣ ዜናም አትሰማም። ስልኳማ የሞቴሉ መዋኛ ውስጥ ከገባ ሁለት ወሩ ነው፤ "ተገላገልኩ" ብላ ሌላ ሳትገዛ ቀረች። ለጣቢያው የሰጠችው የሾፌሯንና የአስተርጓሚዋን ቁጥር ነው። ሾፌሩም አስተርጓሚውም ወንድይራድ ነው።

"እንግዲያው አንተ ንገራት" አለ ልጁ። "ጣቢያው ፊልሙን ትቶታል። የላከችውን አለቆቼ አዩት። ሥራ የፈቱ ሰዎችን ኑሮ አሳዪን አልናት እንጂ ሠርግ ቅረጪልን አላልናትም ነው የሚሉት። የእሷም ነገር በዚሁ አበቃ፤ ከእንግዲህ ጡረታ ነው። እኔ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማደንቃት ሰው ናትና ከበደኝ።"

"እኔንስ አይከብደኝም ብለህ ነው?"

"አንተ አጠገቧ ነህ" ብሎ ዘጋው።

እንዴት ያለው ፈሪ ነው በሉ! አርባ ዓመት የሠራችን ሴት በሾፌሯ በኩል ማሰናበት! እሷ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ከጎኑ ጋቢና ተቀምጣ የካሜራዋን ሌንስ በሸሚዟ ጫፍ እየወለወለች ታፏጫለች።

"ማነው?" አለችው።

"ሚስቴ ናት።"

"ሚስትህ በእንግሊዝኛ ነው የምታወራህ?"

"አንዳንዴ። ስትቆጣ።"

ዳኑታ ራሷን ነቀነቀችና ፉጨቷን ቀጠለች። ወንድይራድ መሪውን ይዞ ምሥራቅ ላስ ቬጋስን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ የት እንደሚሄድ ጠፍቶት ነው።

ዳኑታ ማለት ስድሳ ሦስት ዓመቷ፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ድምፅዋ የሲጋራ፣ እግሯ የወታደር የሆነች ፖላንዳዊት ናት። ላስ ቬጋስ የገባችው ማርች መጀመሪያ ላይ ነበር፤ አንድ ከአገሯ የመጣ የገመድ ላይ ተራማጅ ትርኢት ያሳይ ነበርና እሱን ልትቀርጽ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኮሮና ከተማውን ዘጋው። ገመዱ ተጠቀለለ፣ ተራማጁ ልጁ ዘንድ ፍሎሪዳ ሄደ፣ አውሮፕላንም ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ኤምባሲ እየደወለ ያለቅስ ነበር። እሷ ግን የሞቴሉ ደጅ ላይ ቁጭ ብላ መብራቱ የጠፋውን ከተማ ዐየችና "ፊልሙ እዚሁ ነው" አለች። ለጣቢያው ጻፈች። ጣቢያው ይሁን አለ፤ ግን ይሄኛው ካልተሳካ የመጨረሻሽ ነው አላት።

ይህን ለወንድይራድ የነገረችው በተገናኙ በመጀመሪያው ቀን ነው። እሱ ከሥራ ተባርሮ በገዛ መኪናው ሰው ያመላልስ ነበር። ከግሮሰሪ በር አነሣት። እንደ ሌላው ተሳፋሪ ከኋላ አልተቀመጠችም፤ ጋቢና ገባችና "ከዚህ በፊት ምን ነበር የምትሠራ?" አለችው። ሞቴሉ ሲደርሱ ተቀጥሮ ነበር።

"ሰዎችህን አሳየኝ" አለችው። "ሥራ ያጡትን። እንዴት እንደሚኖሩ ማየት እፈልጋለሁ። እውነቱን ብቻ።"

"ችግር የለም" አለ ወንድይራድ። ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የእሱ ሰዎች የአማርኛ ቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ናቸው። በሆቴል ጠራጊነት፣ በካዚኖ ጥበቃ፣ በወጥ ቤት የሚሠሩ ነበሩ፤ ከማርች ወዲህ ግማሹ ቤት ነው የዋለው። ደመወዙ ተቆርጦባቸዋል፣ ኪራዩ ግን አልተቆረጠም። ይህን ሁሉ ለጌታ ይነግራሉ። ለፈረንጅ ካሜራ ይነግራሉ ያለው ማነው?

መጀመሪያ የሄዱት ጋሽ ሀብተሥላሴ ቤት ነበር። ጋሽ ሀብተሥላሴ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው፣ የካዚኖ ጥበቃ የነበሩ። ኦገስት ነበር፤ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። እሳቸው ሙሉ ሱፍ ከነሰደርያው ለብሰው፣ ከረባት አስረው ሶፋ ላይ ጠበቋቸው።

ዳኑታ ዘዴ አላት። ጥያቄ የምትጠይቀው አንዴ ነው፤ ከዚያ ዝም ትላለች። ሰው ዝምታ አይችልም ትላለች፤ ዝምታውን ለመሙላት ሲል እውነቱን ያወጣዋል። በአገሯ አንድ ሚኒስትር በአራት ደቂቃ ዝምታ አፍረጥርጦላታል አሉ። ምስኪን! እንግዲህ ይህንን ነው ጋሽ ሀብተሥላሴ ላይ የሞከረችው።

"ሥራዎን ካጡ ወዲህ እንዴት ይኖራሉ?"

"ጌታ ይመስገን" አሉ።

ዳኑታ ዝም። ጋሽ ሀብተሥላሴም ዝም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት። ላቡ ከግንባራቸው ወደ ከረባታቸው ይወርዳል፤ አየር ማቀዝቀዣውን ካጠፉት ወር ሆኗቸዋል፣ ግን ይህን ማን ይናገራል? በዐሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ዞር አሉና "ልጄ፣ ሻይ ትጠጪያለሽ?" አሏት።

ቀጥሎ አስካል ቤት ሄዱ። አስካል ካዚኖ ውስጥ ካርድ የምታከፋፍል ነበረች፤ በቤተ ክርስቲያን ግን "ሆቴል ነው የምሠራው" ነው የምትል፤ የሚያውቀውም የማያውቀውም እንደዚያው ተቀብሎላት ይኖራል። የአስካል ሳሎን ያን ቀን ተአምር ነበር። ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን፣ አዲስ ምንጣፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ አይብ፣ ፍራፍሬ በዘንቢል። ዳኑታ "ማቀዝቀዣውን ክፈቱልኝ" አለች፤ ተንኮሏ ባዶውን ለመቅረጽ ነው። ሲከፈት አንድ ብርቱካን ተንከባሎ ወጣ፤ ለእሱ ቦታ አልነበረውም። የሦስት ቤት አስቤዛ ነበር የተጠቀጠቀበት።

ቴሌቪዥኑን ከጎረቤት ተሸክሞ ደረጃውን ያወጣው ማን ይመስላችኋል? ወንድይራድ ራሱ ነው! ጀርባውን ሳምንት አመመው። ምን ያድርግ? ቤትሽ እንግዳ እየመጣ ገመናሽን ዘርግተሽ ጠብቂ ይበላት? ዳኑታ እንግዳ ናት፣ አሳምሮ መቀበል ነው። የላስ ቬጋስ ሐበሻ አንድ ሳይቀር በዚህ ተስማማ። ፊልሙንም እንዲሁ ተስማምተው ገደሉት።

ይኸው እንግዲህ፤ ኖቬምበር ገባ፣ አሁን መርዶው በወንድይራድ አንገት ላይ ነው።

ሁለት ቀን ሊነግራት ሞከረ። አንዴ ነዳጅ ሲቀዳ ጀመረ፤ "ዳኑታ፣ እ..." አለ። "ወንዲ" አለችው ቀድማ፣ "በዚህ ሳምንት አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ቢነግረኝ ፊልሙ ይድናል። ይታወቀኛል።" ዐይኗ እንደ ልጅ ዐይን ያበራል። ነዳጁ ሞልቶ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለብርቅታይት ነገራት። ብርቅታይት ሆቴል ክፍል የምታጸዳ ነበረች፣ እሷም ከማርች ጀምሮ ቤት ናት። አፏን በእጇ ያዘች።

"እና ነዳጅ ማደያ ላይ ልትነግራት ነበር?"

"የት ልንገራት ታዲያ?"

"መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር? በቁሟ፣ ባዶ ሆዷን፣ ብቻዋን?"

"ኧረ ብርቄ፣ ሰው አልሞተም እኮ!"

"አርባ ዓመት የኖረችበት ሥራ ነው የሞተባት። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ከዚህ በላይ ምን ይሙትባት?" አለችና ለጋሽ ሀብተሥላሴ ደወለች።

ጋሽ ሀብተሥላሴ በነገሩ ዐዘኑ፤ ከሐዘኑም በላይ ሥራ አገኙ። ከማርች ወዲህ ማንም ለምንም ነገር አልፈለጋቸውም ነበርና ድምፃቸው ታደሰ። "ዘመድ አላት?" አሉ።

"እኅት አለቻት፣ ኤቫ የምትባል። ፖላንድ ናት።"

"ሩቅ ነው። እንግዲህ ዘመዶቿ እኛ ነን።"

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ርቀታቸውን ጠብቀው ተሰበሰቡ። ቅዳሜ ማለዳ እንዲሆን ተወሰነ። ቃሉን ጋሽ ሀብተሥላሴ ይናገራሉ። ወንድይራድ ያስተረጉማል። ምግብ ብርቅታይት ትይዛለች። ብትወድቅ የሚይዛት ማነው ሲባል አስካል እጇን አወጣች።

"ግን ብቻዬን አልችላትም" አለች፤ "ደንዳና ሴት ናት።"

"ብርቅታይት ታግዝሻለች።"

"ስድስት ጫማ ርቀን እንዴት ነው የምንይዛት?"

ይኼ ብዙ አነጋገረ። በመጨረሻ ጋሽ ሀብተሥላሴ "ጓንት አድርጉ" ብለው ዘጉት። ወንድይራድ እዚያ ቆሞ "እንዲያው ስልክ ብደውልላትስ?" ሊል ዳዳው፤ ስልክ እንደሌላት ትዝ አለውና ተወው።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሞቴሉ ደጅ ስድስት ሰው ቆመ። ሁሉም ጥቁር ለብሷል፣ ሁሉም ጥቁር ማስክ አድርጓል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አጣፍተዋል። ተጣጣፊ ወንበሮች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። ወንድይራድ በሩን አንኳኳ።

ዳኑታ በሰማያዊ ፒጃማ፣ ፀጉሯ ቆሞ ወጣች። ዐየቻቸው። ይቺ ሴት ጦርነት ውስጥ ገብታ የወጣች ናት፤ ግን ወንድይራድ እንዲያ ስትገረጣ ዐይቶ አያውቅም። እጇ ብቻውን ወደ ኋላ ሄደና ከጠረጴዛው ላይ ካሜራውን አንሥቶ መጣ። ስትፈራ እንዲህ ነው የምትሆነው።

"ትቀመጥ" አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ። ተቀመጠች፤ ካሜራው ጭኗ ላይ እየቀረጸ ነው።

"ልጄ፣ እንዴት አደርሽ? እንቅልፍ ደህና ነው?"

ወንድይራድ አስተረጎመ። "ደህና ነው" አለች ዳኑታ። "ምን ሆኗል?"

"ጤናሽስ? ጉልበቴን ያመኛል ብለሽ ነበር።"

"ደህና ነው። ወንዲ፣ ምን ሆኗል?"

"ሰው" አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ሰማዩን እያዩ፣ "በዚህ ምድር እንግዳ ነው። ዛሬ ያበበው ነገ ይጠወልጋል። የሰጠ ይወስዳል። ኢዮብ የሚባል ሰው ነበረ..."

"ኤቫ ናት?" አለች ዳኑታ፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። "እኅቴ ናት?"

"ኧረ አይደለችም! ደህና ናት!" አለ ወንድይራድ ደንግጦ።

"አታቋርጠኛ" አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ። "ገና ኢዮብ ላይ ነኝ። ኢዮብ ከብቶቹን አጣ..."

"ጋሼ፣ እባክዎ፣ እኅቷ የሞተች መስሏታል!"

"ይመስላታላ! መርዶ አይደለም እንዴ? ቀስ ብሎ ነው የሚነገር። ... ግመሎቹን አጣ..."

ግመሎቹ ሲያልቁ በጎቹ፣ በጎቹ ሲያልቁ ልጆቹ። ወንድይራድ እያላበው እያንዳንዱን እንስሳ በእንግሊዝኛ አስተላለፈ። ዳኑታ ወንበሩን ጨብጣ ነጭ ሆናለች። በመጨረሻ ጋሽ ሀብተሥላሴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ሥራሽ... ዐረፈ።"

ወንድይራድ ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚል ጠፋው። "ጣቢያው ደውሎ ነበር" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "ፊልሙን ትተውታል። ጡረታ ወጥተሻል ነው የሚሉት። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሦስት ቀን ደበቅሁሽ።"

ዳኑታ አንድ ጊዜ ስድስቱንም ዐየቻቸው። ነጠላውን ዐየች፣ ጓንቱን ዐየች፣ ወንበሩን ዐየች።

"ለዚህ ነው?" አለች። ከዚያ ሣቀች። ሆዷን ይዛ፣ ወንበሩ እስኪነቃነቅ ሣቀች። "ለጡረታ! ለጡረታ ግመል!"

"አበደች!" አለች አስካል። ስድስት ጫማው እዚያው ቀረ፤ ከብርቅታይት ጋር ከግራ ከቀኝ ዘለው ያዟት። ብርቅታይት ራሷን ደረቷ ላይ አስደግፋ "አይዞሽ እቴ፣ አይዞሽ፣ አለንልሽ" እያለች ጀርባዋን ትመታታለች። ዳኑታ ቃሉ አልገባትም። እጁ ግን ገባት። ሣቁ መሐል ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ፤ ያውም እንዴት ያለ ልቅሶ። አርባ ዓመት የሰው ሐዘን ፊት ካሜራ ይዛ ቆማለች፤ ለእሷ ሐዘን የቆመ ሰው ግን ኖሮ አያውቅም። ወንድይራድም አለቀሰ፤ ማስኩ ውስጥ ስለሆነ ማንም አላየብኝም ብሎ ያስባል።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ጎንበስ ብለው ካሜራውን አመለከቱ።

"ልጄ፣ ያንን ነገር አስቀምጪው። ሐዘን የተቀመጠ ሰው ሥራ አይሠራም።"

አጠፋችው።

ሦስት ቀን ሞቴሉ ደጅ ተቀመጡ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ መጣ፤ በመኪና አልፎ በመስኮት "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ያለም አለ። የሞቴሉ ሥራ አስኪያጅ አንዴ ሊከለክል ወጣ፤ ብርቅታይት ሳህን ሞልታ አስያዘችው፤ ከዚያ ወዲያ ወንበር ሲያቀብል ዋለ። ዳኑታ ምጣድ ሙሉ ምግብ በልታ "ጠገብሁ" ስትል "አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፣ አታውቂም" እየተባለች ሌላ ትጎርሳለች።

በለቅሶ ቤት ደግሞ ስለ ሟቹ ይወራል። ጋሽ ሀብተሥላሴ "እስኪ ስለሱ አጫውቺን" አሏት፤ ስለ ሥራዋ ማለታቸው ነው። "ስንት ዓመት ኖረ?"

"አርባ" አለች ዳኑታ።

"ምን ዓይነት ነበር?"

አጫወተቻቸው። ተማሪ ሳለች የመርከብ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ካሜራ በዳቦ ቅርጫት ደብቃ እንዴት እንዳስገባች፣ ዳቦውን ጠባቂው ቀምቶ ሲበላ ካሜራው ለጥቂት እንዴት እንደተረፈ። "እሰይ!" አሉ ሴቶቹ። ቦስኒያ ውስጥ ጥይት የካሜራዋን እግር መትቶ እንደጣለው፤ እሷ ከካሜራው እግር ጀርባ ተደብቃ ነበር፣ ቀጭን ስለነበረች። "የዛሬን አያድርገውና" አለች አስካል፤ ወንድይራድ ይህን አላስተረጎመም። በሽልማቶቿ የመታጠቢያ ቤቷን መስኮት በነፋስ እንዳይዘጋ እንደምትደግፈው ነገረቻቸው።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ግን ድምፅዋ ተለወጠ።

"አንድ ነገር ልንገራችሁ" አለች። "አንድ የከሰል ማውጫ ተንዶ ሰው ሞተ። የአንዱን ሟች ሚስት ቤቷ ገብቼ ቀረጽኋት። ወጥ ቤቷ ውስጥ ምንም አልነበራትም፤ ለልጆቿ ድንች ልጣጭ ትቀቅል ነበር። ይሄን አታሳዪብኝ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አሳየሁት። በዚያ ፊልም ነው ትልቁን ሽልማት ያገኘሁት። ሴትየዋ ሰፈሩን ለቃ ሄደች። ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተች።"

ወንድይራድ አስተረጎመው። ማንም "አይዞሽ" አላላትም። እንዲህ ላለው ነገር አይዞሽ አይባልም። አስካል ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ያ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን የሐዘኑ ማብቂያ ነው። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሀብተሥላሴ ጸለዩና "እንግዲህ ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ" አሏት። ዳኑታ ታጥባ ወጣች፤ ሸሚዟን ቀይራለች፤ ሻንጣዋም በር ላይ ተዘግቶ ቆሟል።

"አውሮፕላን ካገኘሁ በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ" አለች። "ጣቢያ የለኝም። ያለኝ ሁለት ባትሪ ነው። እናንተን ግን..." ብላ ሻንጣዋን ዐየች።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ወንበራቸውን አስጠጉ። ከዚያ ከረባታቸውን ፈቱ። ወንድይራድ ሰውዬውን ሃያ ዓመት ያውቃቸዋል፤ አንገታቸውን ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

"ያቺን ካሜራ አምጪያት" አሉ።

"ለማን ነው ግን? የሚያሳየው የለም እኮ።"

"ማንም ባያየው እኛ እናየዋለን። አምጪያት።"

ዳኑታ አመጣችና ቀይዋን መብራት አበራች። አልጠየቀችም።

"ባለፈው ደህና ነኝ ያልሁት ውሸት ነው" አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ። "ሐሙስ ሐሙስ የእርዳታ ምግብ እሰለፋለሁ። እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ ማከፋፈያ አለ፤ ሰው ያየኛል ብዬ እሱን ትቼ ከተማውን አቋርጬ ሰመርሊን ድረስ እነዳለሁ። እዚያ ሐበሻ አይደርስም ብዬ። ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ። ሽማግሌ ነኛ! በመስኮት ካርቶን ሲያስገቡልኝ ወደ ሌላ ዞሬ አያለሁ።"

ያን ጊዜ አስካል ብድግ አለች።

"ሐሙስ? የትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ?"

"አዎ።"

"ግራጫ ኮሮላ?"

"አዎ... ምነው?"

"ከኋላዬ ሆነው ጥሩምባ የነፉብኝ እርስዎ ነዎት!" ብላ ጮኸች። "ሰው እንዳያየኝ ወንበሩ ሥር ተጎንብሼ ነበር እኮ! ሰልፉ መንቀሳቀሱን በምን ልወቅ!"

"አንቺ ነሽ? እኔ ሹፌሩ የሞተ መስሎኝ ነው!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይናገረዋል። የወጥ ቤት ሠራተኛው ዘውገ እጁን አወጣ፤ እሱም ሐሙስ ነው፣ ያውም የሚስቱን የፀሐይ ባርኔጣ አድርጎ። ሁሉም እርስ በርሱ ሊደበቅ አንድ ሰልፍ ላይ ተገናኝቷል። አስካል ከወንበሯ ወደቀች፤ ጋሽ ሀብተሥላሴ እንባቸውን በፈቱት ከረባት ይጠርጋሉ። እየሣቁ አስካል መናገር ጀመረች፤ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ካርዱ ሥራዋ፣ በተውሶ ስላመጣችው ቴሌቪዥን፣ ሌሊት ሌሊት ጌታን ምን ብላ እንደምትጠይቀው። ሣቁ እየቀለለ ሄደ፤ ወሬው ግን አልቆመም።

"ወንዲ፣ ምን ይላሉ?" አለች ዳኑታ።

"ይላሉ... ሐሙስ ሐሙስ..." አለና ቆመ። ዳኑታ ዐየችው። ካሜራውን ቀስ ብላ ወደሱ አዞረችው።

ወንድይራድ ሚስቱን ዐየ። ብርቅታይት ነጠላዋን እያጣጠፈች ቆማለች። ለእሷ ያላት ሐሙስ ሐሙስ ተሳፋሪ አለኝ ነው። እንግሊዝኛውን ተወውና በአማርኛ፣ እሷ እንድትሰማው አድርጎ ተናገረ።

"እኔም ሐሙስ እሄዳለሁ፣ ብርቄ። ከሱቅ ገዛሁ እያልሁ የማመጣው ሩዝና የታሸገ በቆሎ ከዚያ ነው። ባሌ ምግብ ማምጣት አቃተው ከምትይ ብዬ ነው።"

ብርቅታይት ነጠላውን ማጣጠፍ ተወች። ወደ ሰማይ ዐየች፣ ወደ መሬት ዐየች።

"እኔ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ" አለች። "ሰዘርን ሃይላንድስ። በአውቶቡስ፣ ሁለት ሰዓት ነው። አንተ ከምታፍር ብዬ።"

"ማክሰኞ የእኅቶች ጸሎት አለኝ አላልሽኝም?"

"በሰልፉ ላይ እጸልያለሁ።"

ወንድይራድ ጓዳቸው ውስጥ የበቆሎው ቆርቆሮ ለምን እንደማያልቅ ያን ጊዜ ገባው። እሱ እሷ የገዛችው ይመስለው ነበር፤ እሷ እሱ የገዛው። ስምንት ወር ሙሉ አንዱ ለሌላው ቆጥቦ፣ ሁለቱም በቆሎ ጠልተው፣ ሁለቱም እየበሉ ኖረዋል። ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሣቅ አልነበረም። ብርቅታይት መጣችና ክንዱን ያዘችው።

"ምን አለች?" አለች ዳኑታ ከካሜራው ጀርባ።

ወንድይራድ ሊያስተረጉም ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ቃሉ አልመጣለትም።

"ተወው" አለች ዳኑታ። ዐይኗን ከካሜራው አላነሣችም። "በኋላ ይተረጎምልኛል። ብቻ እንዳታቆሙ።"